ትርፉ ከየት መጣ?

አክሲዮን ገዝቶ ዓመቱን መጠበቅ፣ የትርፍ ድርሻን መቀበል፣ «ባንካችን ዘንድሮም አተረፈ» ብሎ መርካት የቆየ ልማድ ነው። የሩብ ዓመት ሪፖርት የሒሳብ ሠራተኛ ጉዳይ ነው፣ ለባለአክሲዮኑ ከታች የተጻፈችው የትርፍ ቁጥር ትበቃዋለች ይባላል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለንዋዮች ገበያ ወጋገን ባንክን ቀዳሚ አድርጎ ጥር 2 ቀን 2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ይህ አስተያየት ኪስ ያራቁታል። አክሲዮን በየጊዜው በሚሸጥበት ገበያ ሪፖርቱን ያላነበበ ላነበበው ሲሳይ ነው።

የትርፍ ቁጥር ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ይበቃል። የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የባንኮች አዲስ በጀት ዓመት ገና መጀመሩ ነበር፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ባንክ የዶላር ዕዳው ተቀናንሶ 10 ሚሊዮን ዶላር ነበረው እንበል። በመዝገቡ 570 ሚሊዮን ብር የነበረው፣ ምንዛሬው 100 ሲገባ አንድ ቢሊዮን ይሆናል። የ430 ሚሊዮኑ ልዩነት ትርፍ ተብሎ ይጻፋል። ለዚህ ትርፍ አንድ ብድር አልተሰጠም፣ አንድ አዲስ አስቀማጭ አልመጣም፤ ዶላሩም ያው 10 ሚሊዮን ነው። የዶላር ዕዳ ያለበት ድርጅት ደግሞ ሥራው ሳይጓደል ኪሳራ ያሳያል። ሁለቱን በትርፋቸው ያወዳደረ ሰው የመዘነው ምንዛሬውን ነው፤ አመራራቸውን አይደለም። በዓመቱ ያ ጭማሪ ሲቀር «ትርፉ አሽቆለቆለ» ይባላል፤ ያሽቆለቆለ ነገር ግን የለም። ስለዚህ የወለድ ገቢው ከምንዛሬ ልዩነቱ ተለይቶ ይታይ፤ ከዚያ የገንዘብ ፍሰቱ፣ ቀጥሎም ለአጠራጣሪ ብድር የተያዘው መጠባበቂያ።

በዋድላዋ ኮን ከተማ ይህን ለማስረዳት ብዙ አይደከምም። የዋድላ ደገኛ ጎተራው ሞልቷል ሲሉት መጀመሪያ ወሩን ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ገብሱ የራሱ ነው ወይስ የብድር ይላል። የታኅሣሥን ጎተራ ከአምናው ታኅሣሥ ጋር እንጂ ከመስከረም ጋር አያስተያይም። ሩብ ዓመትን ከአምናው ተመሳሳይ ሩብ ጋር ማወዳደር ማለት ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

«የሦስት ወር ሪፖርት አመራሩን አርቆ እንዳያይ ያደርገዋል፤ እንግሊዝ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2014 ግዴታነቱን አንስታለች» የሚሉ አሉ። እንግሊዝ የግማሽ ዓመቱን አላስቀረችም፤ ገበያዋም የዘመናት ነው። እኛ ሳንጀምር መታከታችን ነው። ኦዲት አልተደረገበትም የሚለውም በጥንቃቄ ለማንበብ እንጂ ላለማንበብ ምክንያት አይሆንም።

ኢትዮ ቴሌኮም ለሽያጭ ካቀረባቸው 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች 10.7 ሚሊዮን ያህሉን ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች እያንዳንዱን በ300 ብር ገዝተዋል። ከእነዚህ አንዱ ከሆኑ፣ የሚቀጥለው ሪፖርት ሲወጣ የትርፉን ቁጥር በእጅዎ ሸፍነው ከገንዘብ ፍሰቱ ይጀምሩ።