«ተንሳፋፊ ብቻ» የሚሉት ሕግ

«ሰው ሠራሽ ዝንብ ከውኃ በላይ ካልተንሳፈፈች የጨዋ ሰው ማጥመጃ አይደለችም!»

ይህን ያለኝ እንግሊዝ አገር ኖሮ የመጣ ወዳጄ ነው፤ ባሌ፣ ወብ ወንዝ ዳር ቆመን፣ በላባና በክር ያሰርኳትን ዝንብ በጥፍሩ እያገላበጠ። ትራውት የሚባለው ዓሣ ለባሌ ወንዞች ከኬንያ የመጣ እንግዳ ነው። የወዳጄ ሕግ ደግሞ የእንግሊዝ እንግዳ ነው። ዓሣውን ተቀብያለሁ፤ ሕጉን ግን እንቢ ብያለሁ።

ሜይፍላይ የምትባለው ትንሽ በራሪ ዕድሜዋን ከሞላ ጎደል የምትጨርሰው በዕጭነት ውኃ ውስጥ ነው። ክንፍ ልታወጣ ወደ ውኃው ገጽ ስትመጣ፣ ጀርባዋ ተሰንጥቆ ከአሮጌ ቆዳዋ እስክትላቀቅ ድረስ፣ መዋኘትም መብረርም የሚሳናት አጭር ጊዜ አለ። ትራውት ይህን ጊዜ አሳምሮ ያውቀዋል። አፉን ሳያሳይ ጀርባውን ብቻ ብቅ ካደረገ፣ ከገጹ ሥር የተንጠለጠለችውን እየለቀመ ነው። ኢመርጀር የሚባለው ዝንብ የሚታሰረው ይህችኑ ምስኪን አስመስሎ ነው፤ ጎባጣ መንጠቆ፣ የሚሰጥም ቀጭን ሆድ፣ አናቷን ብቻ የሚያንሳፍፍ ላባ። (የእኔው ላባ ለፋሲካ ከታረደ አውራ ዶሮ አንገት የተነቀለ ነው፤ ባለቤቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።) እንግዲህ ይህች ተንሳፋፊ ናት ወይስ ሰማጭ? እስቲ ሕጉ ይፍረድ!

ሕጉን ያነገሡት ፍሬድሪክ ሃልፎርድና ተከታዮቹ ናቸው። ሃልፎርድ ስለ ተንሳፋፊ ዝንቦች የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1886 ታተመ። ጠበቃው ስኪውስ ግን ከኢችን ወንዝ የያዘውን ዓሣ ሆድ ከፍቶ የተበላውን ተመለከተ፤ ዕጭ ነው! ዕጭ መሳይ ዝንብ አስሮ ማጥመዱን እ.ኤ.አ. በ1910 በመጽሐፍ ገለጠ። እ.ኤ.አ. በ1938፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ፍላይፊሸርስ ክለብ በተባለው የለንደን ማኅበር ውስጥ ይኸው ዘዴ ተገቢ ነው አይደለም ተብሎ ክርክር ተከፈተበት። አንድ ሽማግሌ ዓሣው የሚበላውን ስላየ!

«እንዲህ ያለው ዘዴ ዓሣውን ይጨርሳል» ይላሉ። ለዓሣው ከታዘነለትማ የሚያዘው ቁጥር ይወሰን፤ የመንጠቆው እሾህ ይደፍጠጥ፤ ትንንሾቹ ይለቀቁ። ዝንቧ ጣት ዝቅ ብትል ከፍ ብትል ለዓሣው ምኑ ነው? የተከበረው የአጥማጁ ኩራት ነው።

ወዳጄ አልተረታም። በሚቀጥለው ጉዟችን የምንይዘውን ዓሣ ሆድ አብረን እንድንከፍት ጠይቄዋለሁ። ቢላዋውን እኔ እይዛለሁ።