ተማሪውን ሌባ አልነው፤ ፍተሻውንስ ማን ጠየቀ?

የመጋቢት 2016ቱን የንግድ ባንክ ነገር መቼም አልረሳችሁትም። ከዓርብ መጋቢት 6 ሌሊት እስከ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሒሳቡ ላይ የሌለውን ብር ከኤቲኤም ሲያወጣ፣ በሞባይል ሲያስተላልፍ አደረ። ባንኩ «የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ችግር ነው» አለ። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ እንደወጣ ተነገረ። ወቀሳው በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ወረደ፤ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶም ተለጠፈ።

የራስ ያልሆነን ገንዘብ መውሰድ ጥፋት ነው፤ ክፍል ውስጥም የማስተምረው ይህንኑ ነው። እኔን የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። ስለ ትውልዱ ሞራል ስንት ስብከት ሰማን! «ያ ለውጥ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ምን ዓይነት ፍተሻ አለፈ?» ብሎ የሚጮህ ግን ጠፋ።

ኮድ የሚጽፉ ሰዎች ለዚህ መላ ካበጁ ቆይተዋል። ባለሙያው የሠራውን ለውጥ ዝም ብሎ ዋናው ኮድ ላይ አይጨምረውም። «ይህን አስገቡልኝ» ብሎ ጥያቄ ያቀርባል፤ ፑል ሪኩዌስት ይሉታል። ጥያቄው እንደቀረበ ማሽኑ ራሱ መፈተሽ ይጀምራል፦ ኮዱ ይሠራል ወይ? ትናንት የሚሠራው ዛሬ ተበላሽቷል ወይ? የይለፍ ቃል ውስጡ ተረስቷል ወይ? «100 ብር ያለው ሰው 5000 ሲጠይቅ እምቢ በል» የሚል ፈተና አንዴ ከተጻፈ፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ለውጥ ሁሉ እሱን ማለፍ አለበት። ደንቡ በትክክል ከተቀመጠ፣ ቀይ ከበራ በሩ ዝግ ነው። አለቃም ይሁን፣ ሌሊትም ይሁን።

«ጎበዝ ባለሙያ ካለ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ልጆቻችን ለ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ በር ላይ የክፍሉ አንደኛም ይፈተሻል እኮ፤ ተናቅሁ አይልም። ሰው ይደክመዋል፣ ይረሳል፣ የአለቃውን ስህተት አይቶ በይሉኝታ ዝም ይላል። ማሽን ይሉኝታ የለውም።

«ውድ ነው» የሚሉም አሉ። ጊትሀብ ለሁሉም ክፍት ለሆኑ ፕሮጀክቶች ይህን ፍተሻ በነፃ ያካሂዳል። ተማሪ በላፕቶፑ የሚሞክረውን ነገር ትልቅ ተቋም «አቅም የለኝም» ቢል ማን ያምነዋል?

ማሽን ብቻውን ይበቃል እያልኩ አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በላከው የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ተዘረሩ። በረራ ተሰረዘ፣ ሆስፒታል ተስተጓጎለ። ኩባንያው አውቶማቲክ ፈታሽ ነበረው፤ ፈታሹ ራሱ ግን ስህተት ነበረበት። 21 ግብዓት በሚጠበቅበት ቦታ 20 ብቻ ሲቀርብ ሳይዝ አሳለፈው። በዚያ ላይ ደረጃ በደረጃ ሳይሆን ለሁሉም ባንዴ ተላከ። ስለዚህ ፈታሹም ይፈተሽ። እኛ መምህራን እናውቀዋለን፦ ምርጫውን ማሽን ያርመዋል፣ ድርሰቱን ግን ሰው ማንበብ አለበት።

«ይሄ ጎባን ምን አገባው?» እንዳትሉኝ። ደመወዛችን ባንክ ነው የሚገባው። የልጆቻችን ፈተናም ወደ ኦንላይን እየሄደ ነው። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ሰርተፊኬት ፌስቡኩን ሞልቶታል፤ ደስ ይላል፣ በርቱ። ግን ኮድ መጻፍ የቻለ ልጅ የራሱን ኮድ መፈተን ካልተማረ፣ ነገ እሱም አንድ ሌሊት ስህተት ይለቃል፤ ጠዋት ላይ የሚወቀሰው ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ከእንግዲህ «የሲስተም ችግር ነው፣ ይቅርታ» ሲሉን አሜን ብለን አንለፍ። ያልተፈተሸ ለውጥ እንዳይገባ የሚከለክለው ምንድን ነው? ብለን እንጠይቅ። የተማሪ ፎቶ ለመለጠፍ የነበረው ፍጥነት ለዚህ መልስም ይኑር።