ሐኪሙን ፈራጅ ያደረገው ማነው?

ጥቁር ካባ የለበሰ ዳኛ የሞት ፍርድ ሲሰጥ ሕግ ይጠቅሳል፤ ምስክር ይሰማል፤ ይግባኝ ይፈቅዳል። በአገራችን ግን ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ሕግ ሳይጠቅስ፣ ምስክር ሳይሰማ፣ ይግባኝ የሌለው ፍርድ እንዲሰጥ የተፈረደበት ሌላ ዳኛ አለ። የኩላሊት ሐኪም!

“እንዴ! ሐኪም ያድናል እንጂ ይፈርዳል እንዴ?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከአዲስ አበባ እንውጣና ማሻ ድረስ እንሂድ።

ማሻ የሸካ ዞን ዋና ከተማ ናት። ኅዳር 2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ትገኛለች። ቡናው፣ የጫካው ማር፣ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ደን ሁሉ የዚያው አካባቢ ሀብት ነው። ዝናብማ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም ቢባል ይቀላል። የኩላሊት ስፔሻሊስት ግን ማሻ ላይ ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ከአዲስ አበባ የሚለያት መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

እንበል፤ አንድ የማሻ ገበሬ ፊቱና እግሩ አብጦ፣ ሽንቱ ቀንሶ፣ እህል አልወርድ ብሎት ሆስፒታል መጣ። የሚያገኘው ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ተረኛ ጠቅላላ ሐኪም ነው። ልጁ ሌሊቱን ሲያዋልድ፣ የወባ በሽተኛ ሲያይ፣ በሞተር ብስክሌት የተሰበረ ሲጠግን አድሯል። ደም ግፊቱን ይለካል፤ ጣራ ነክቷል። ኩላሊቱ እንደደከመ ይገባዋል። ከዚያስ? ሪፈር ይጽፋል። ወደ ሚዛን፣ ወደ ጅማ፣ በመጨረሻም ወደ አዲስ አበባ!

ገበሬው በሬውን ሸጦ፣ የቀፎውን ማር ገና ሳይቆረጥ አስይዞ፣ ከሚኒባስ ወደ አውቶቡስ እየተዘዋወረ አዲስ አበባ ይደርሳል። እዚያ የሚጠብቀው የኩላሊት ሐኪም ወረቀቱን ሲያይ ምን እንደሚል ያውቀዋል። ግፊትና ስኳር ድምፅ ሳያሰሙ ለዓመታት ኩላሊትን ይበላሉ። በሽተኛው “አመመኝ” ሲል ኩላሊቱ ካለቀ በኋላ ነው። የቀረው ሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ።

እጥበት ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት አራት ሰዓት፣ ደሙ በማሽን እየተጣራ መተኛት ማለት ነው። ለአንድ እጥበት 120 ሊትር ያህል ልዩ ሆኖ የተጣራ ውኃ ይሄዳል። በዓመት ሲደመር 156 እጥበት ይሆናል። ለአንድ ዓመት ብቻ አይደለም፤ ንቅለ ተከላ እስኪገኝ ወይም ዕድሜ እስኪያበቃ ድረስ ነው። ማጣሪያው፣ ቱቦው፣ ኬሚካሉ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ነው። መንግሥት ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩን በገበያ ላይ ለቀቀው። የዶላር ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሲጨምር፣ የበሽተኛው ደም የሚጣራበት ዋጋም አብሮ ወጣ። ለመሆኑ ያን ዕለት ውሳኔውን ካሳለፉት ባለሥልጣናት መካከል ስለ ኩላሊት በሽተኛ ያሰበ ነበር?

እንግዲህ ፍርዱ እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ሦስት ጊዜ መታጠብ እንዳለበት ያውቃል። በሽተኛው ደግሞ “ዶክተር፣ ለሁለት ብቻ ነው ያለኝ” ይለዋል። ሐኪሙ “እሺ፣ ሁለት ይሁን” ይላል። በዓመት 52 እጥበት ተቀነሰ ማለት ነው። ከዕድሜው እየተቀነሰለት እንደሆነ ሐኪሙ ያውቃል፤ እያወቀ ይፈርማል። በመንግሥት ሆስፒታል ደግሞ ማሽኑ ውስን፣ ተራ ጠባቂው ብዙ ነው። የሁለት ልጆች እናት ትግባ ወይስ የሃያ ዓመቱ ተማሪ? ማን ይወስን? ሐኪሙ! በየት አገር ሕግ? በማን ሥልጣን? መልስ የለም።

ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ብቻ የመጣ አይደለም። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲያትል በምትባል ከተማ ገጥሟቸው ነበር። ማሽኑ ጥቂት፣ በሽተኛው ብዙ ሆነ። የዚያ ከተማ ሐኪሞች “ይህን ፍርድ ብቻችንን አንሸከምም” አሉ። ሰባት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ቄስ፣ ጠበቃ፣ የባንክ ሰው፣ የቤት እመቤት፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪ ሁሉ ነበሩበት። የሕዝቡ መነጋገሪያ ሆነ፤ ብዙ ተወቀሰ፤ “ማን ይኑር ማን ይሙት የሚሉት እነማን ናቸው?” ተባለ። ጩኸቱ ግን ከንቱ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1972 የእጥበትን ወጪ መንግሥት የሚሸከምበት ሕግ ወጣ። እኛ አሜሪካ አይደለንም፤ ካዝናችንም የእነሱ አይደለም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። እነሱ ፍርዱን ከሐኪሙ ጫንቃ ላይ አውርደው ሕዝብ ፊት አስቀመጡት። እኛ ግን በጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ ከአንድ ሐኪምና ከአንድ አልቃሽ ቤተሰብ መካከል ደበቅነው።

የተደበቀ ነገር ደግሞ የተሸከመውን ሰው ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ምክንያት የሚመጣውን ዝለት በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ ሲተረጉመው ሦስት ምልክቶች ሰጥቶታል። ጉልበት ተሟጦ ማለቅ አንዱ ነው። ከሥራው በመንፈስ መራቅና መሰልቸት ሁለተኛው ነው። “የምሠራው ነገር ለውጥ አያመጣም” ማለት ሦስተኛው ነው። ድርጅቱ ራሱ በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ያልተያዘ የሥራ ጫና ውጤት ነው ያለው። ልብ በሉ! ጥፋቱ የሐኪሙ ድክመት ሳይሆን የሥራው አያያዝ ነው ማለት ነው።

እኛ አገር ሰው ይህን አይቶ “ሐኪሙ ፊቱን አጠቆረብኝ፣ ዓይኔን እንኳ ሳያይ ወረቀት ጽፎ ሸኘኝ” ይላል። እውነቱን ነው፤ ቅሬታው ትክክል ነው። ግን ያ ሐኪም ዓይን ለዓይን ቢተያይ የሚለው ነገር ስለሌለው ይሆናል። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ፎቶ በመኪና ላይ ለጥፈው፣ በድምፅ ማጉያ “ወገን፣ ለኩላሊት ሕመምተኛ እርዱን” የሚሉትን እናውቃቸዋለን። በዚያ ፎቶ ላይ ያለው ሰው፣ የሳንቲሙ ሣጥን ባዶ የሆነ ሳምንት፣ መጨረሻ ላይ የሚቆመው እዚያው ሐኪም ፊት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የማኅበራዊ ጤና መድህን ደንብ ቁጥር 271/2005 ሲወጣ ድንገተኛ የኩላሊት ድካም ካልሆነ በስተቀር እጥበትን፣ እንዲሁም ንቅለ ተከላን፣ ከመድህኑ ውጪ አደረጋቸው። ስለዚህ ፍርዱ በመጀመሪያ የተፈረደው ደንብ በተረቀቀበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሐኪሙ የተተወለት ፍርዱን ለበሽተኛው ማንበብ ብቻ ነው።

የተሠራውን አልተሠራም አንልም። መስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ሲከፈት ደስ ብሎናል። ቀድሞ ወደ ሕንድና ወደ ሌላም አገር ይኬድበት የነበረውን ሕክምና የአገራችን ሐኪሞች እዚሁ ሠሩት። ከመቶ በላይ ሰው ኩላሊት ተተክሎለታል። ያንን የሠሩት እጆች ግን የድንጋይ እጆች አይደሉም። ይዝላሉ።

ሐኪሞቹ ዝም አላሉም ነበር። በ2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊት ቀርበው ተናገሩ። ግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ደመወዛችን ቤተሰብ አያኖርም፣ የትርፍ ሰዓት ይከፈለን ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። በዚያን ጊዜ የአንድ ጠቅላላ ሐኪም የወር ደመወዝ በባንክ ምንዛሪ 100 ዶላር አይሞላም ነበር። መልሱስ ምን ሆነ? ማስጠንቀቂያና እስር! ሌሊቱን በሽተኛ ሲጠብቅ ያደረው ሰው ራሱ ጠባቂ ተመደበለት። ይህ ሲሆን ያዩ ወጣት ሐኪሞች የኩላሊትን ትምህርት ተጨማሪ ዓመታት ተምረው ይህን ቀንበር ለመሸከም ምን ያነሣሣቸዋል? ፓስፖርታቸውን ቢያዘጋጁ ማን ይፈርድባቸዋል?

እኛ የምንለው ይህን ነው። አንደኛ፣ ማን በመንግሥት ማሽን ይታጠብ የሚለው ውሳኔ በግልጽ መመሪያ፣ የሕዝብ ወኪልና የሃይማኖት ሰው ባሉበት ኮሚቴ ይሁን፤ የአንድ ሐኪም የብቻ ሸክም አይሁን። ሁለተኛ፣ መድህኑ ቢያንስ ንቅለ ተከላ ለሚጠብቁት እጥበቱን መሸፈን ይጀምር፤ ለፏፏቴና ለኮሪደር መብራት የተገኘ ገንዘብ ለደም ማጣሪያ አይጠፋም። ሦስተኛ፣ የሐኪሙ የተረኝነት ሰዓትና ክፍያ ሰው በሚያኖር ልክ ይስተካከል፤ ጥያቄ ያነሣ ሐኪም በውይይት እንጂ በፖሊስ አይመለስ።

አራተኛውና ርካሹ ማሻ ላይ ነው። የግፊት መለኪያ፣ የሽንትና የስኳር ምርመራ፣ የማይቋረጥ የግፊት ክኒን በየጤና ጣቢያው ይኑር። በዚያ ገበሬ ክንድ ላይ ግፊት መለኪያው ከአሥር ዓመት በፊት ቢጠመጠም ኖሮ፣ በሬው ከበረቱ፣ ማሩም ከቀፎው ባልወጣ ነበር። የአዲስ አበባው ሐኪምም አንድ ፍርድ በቀነሰለት!

ሐኪም እንዲያክም እንጂ እንዲፈርድ አልማለም። የፈራጁን ወንበር ለባለቤቱ እንመልስለት። ባለቤቱ ደግሞ ግብር የሚሰበስበው መንግሥት ነው።

ልብ ያለው ልብ ይበል!