ከጣሪያችን የሚወጣው ኃይልም ዋጋ ይቆረጥለት



መብራት ለእኛ ሲሸጥ ዋጋው ይታወቃል፤ ታሪፉ በ2011 ዓ.ም. ተሻሻለ፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወሰነ። ከእኛ የሚገዛበትስ? ሶላር የተከለ ነዋሪ ትርፉን ለመስመሩ የሚሸጥበት ተመን የለም። በጋውን ሙሉ የደጋው ፀሐይ ቆርቆሯችን ላይ ሲያርፍ ይውላል፤ ባትሪው ከሞላ በኋላ ያለው ኃይል ግን ከንቱ ይቀራል።

በብሪታንያ ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ትላልቅ ኤሌክትሪክ ሻጮች ከቤት ጣሪያ ለሚመጣ ኃይል ዋጋ እንዲያቀርቡ ይገደዳሉ። ዋጋውን እያንዳንዱ ድርጅት ስለሚቆርጥ ነዋሪው አወዳድሮ ይመርጣል (የአንዳንዱ ክፍያ እዚህ ግባ ባይባልም)። ጎረቤታችን ኬንያም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ነዋሪው ለመስመሩ የሰጠው ከሂሳቡ እንዲታሰብለት ፈቅዳለች። እኛ የምናወዳድረው የለንም፤ ያለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ብቻ ነው።

ስለዚህ ፓርቲያችን ቢመረጥ የግዢውን ተመን አገልግሎቱ ራሱ ሳይሆን የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን እንዲወስን፣ የሚገባውንም የሚወጣውንም የሚለካ ቆጣሪ እንዲተከል ያደርጋል። መብራት ሲጠፋ ራሱን ከመስመሩ የሚያቋርጥ መሣሪያ ግዴታ ይሆናል፤ ያለዚያ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ይሞታል። ተመኑ ከመሸጫው ዋጋ በታች እንደሚሆን ከወዲሁ እንናገራለን፤ ሶላር መግዛት ያልቻለ ጎረቤት የሌላውን ጣሪያ ወጪ መሸከም የለበትም።