«ጋቢው የአያቴ ነው ቲቸር»



ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በእርሳስ የሣለውን ሥዕል በቴሌግራም ላከልኝ። ጋቢ የደረበ፣ ዱላ የያዘ፣ ሊስቅ የደረሰ ሰው ነው። ዮሲ ቫሳ ይባላል፤ እስራኤል ውስጥ የታወቀ የመድረክ ተዋናይና ጸሐፊ፣ የእኛው ቤተ እስራኤል ልጅ። ልጁ ቴአትሩን አላየም። ፊቱን ከፎቶ ወሰደ፤ የመድረክ ልብሱን ግን ከራሱ አመጣ። «ጋቢውን ከየት አገኘኸው?» ብለው «የአያቴ ነው ቲቸር» አለኝ።

ሥዕሉን ቡና ላይ ሳሳይ አንዱ ወዳጄ «ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን የሰው አገር ሰው ከሚሥል የእኛን ሰው ቢሥል አይሻልም?» አለ። ያን ዕለት ዝም አልኩ። መልሴ ይኸውና።

ይሄ ሰው ልጅ ሆኖ ከቤተሰቡ ጋር ከጎንደር አካባቢ ተነሥቶ በእግሩ ሱዳን ገብቷል። በደርግ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን በዚሁ በእኛ ቆላ፣ በመተማና በአርማጭሆ በኩል፣ ቀን ተደብቀው ሌሊት እየተጓዙ አልፈዋል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በአውሮፕላን ከሱዳን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች የቀሩት ወደ 4,000 እንደሚሆኑ ይገመታል። ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ የጎጆ ቅርጽ ያለው መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

እኛስ? እኔ ራሴን ልውቀስ። ስንት ዓመት ሳስተምር አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ እንደወደቁ ደጋግሜ ነግሬያችኋለሁ። ስለነዚህ ሰዎች ግን አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አልሰጠሁም። ያውም ተማሪዎቼ በየቀኑ የሚረግጡት መንገድ ሆኖ! ይቅርታ አድርጉልኝ።

ዮሲ ቫሳ ብቻውን የሚጫወተው አንድ ቴአትር አለው። ርዕሱ ወደ እኛ ሲመለስ «በአማርኛ ሲሰማ ይበልጥ ያምራል» እንደማለት ነው። የሚጫወተው ግን በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ነው። በኋላም ከሻይ ቤን አታር ጋር የፈጠሩት «ነቭሱ» የተባለ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ በ2018 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት አሸነፈ። ዓለም በእኛ ጨዋታና ለዛ ሲስቅ እኛ ወሬውንም አልሰማን።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ልጁ የሣለው የእኛን ሰው ነው። ሄዶ ሌላ ዜግነት ስለያዘ ጋቢው የአያቶቻችን መሆኑ አይቀርም። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲነሣ በዚሁ በር ስንቱ ሕዝብ ወደ እኛ ሸሽቶ እንደመጣ ዓይናችን አይቷል። ስደት ለመተማ ሰው የሰው ታሪክ አይደለም።

አሁን በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ አደራ! የድራማ ክበባችሁ ይህን መንገድ መድረክ ላይ ያውጣው። እነዚያን መንገደኞች ያሳደሩ፣ ውሃ ያጠጡ፣ መንገድ የመሩ፣ አዎ የዘረፉም፣ ሽማግሌዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ሳያመልጡን እንጠይቃቸው። የምታውቁት ካለ ከታች ጻፉልኝ።

በአማርኛ ያምራል ከተባለ፣ እስቲ በአማርኛ እንስማው።