የሚያውቀው ይናገር

አንባቢዎቼ ሆይ፤ በባንክ መስኮት ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆማችሁ «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ያልሰማችሁ አትኖሩም። ነገሩ እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ ይመስል ማንም አይጠየቅበትም፤ ባለጉዳዩም ወረቀቱን አጥፎ ወደ መጣበት ይመለሳል። ዳሩ ግን ሲስተም የሰው እጅ ሥራ ነው፤ ሲወድቅም ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከኮምፒዩተሩ ውስጥ ሳይሆን በሠራተኛውና በአለቃው መካከል ካለው ዝምታ ላይ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ ታሪክ ዛሬ አወጋችኋለሁ። የሆነው በአሜሪካ ስለ ሆነ ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በ2010 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ አዲስ የጤና መድን ሕግ ፈረሙ። በሕጉ መሠረት መድን የሌለው ሰው በኢንተርኔት ገብቶ፥ የመድኑን ዓይነትና ዋጋ አመዛዝኖ፥ መንግሥት የሚደጉመውን ገንዘብ ዐውቆ የሚመዘገብበት ገበያ ተዘጋጀ፤ ስሙም ሄልዝኬር ዶት ጎቭ ይባላል። የ36 ስቴቶች ሕዝብ በዚሁ በአንዱ በር እንዲገባ ታሰበ። ሥራውም ለ55 ያህል ኮንትራክተሮች ተከፋፍሎ ተሰጠ። ኦክቶበር 1 ቀን 2013 በሩ ተከፈተ።

በመጀመሪያው ቀን 4.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ደጁን አንኳኳ። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል በዚያ ቀን እስከ መጨረሻው ደርሶ የተመዘገበው ግን ስድስት ሰው ነበር። ስድስት ሚሊዮን አላልሁም፤ ስድስት ሺህም አላልሁም፤ ስድስቱ ሰዎች በአንድ ሚኒባስ ቢሳፈሩ ወንበር ይተርፋቸው ነበር። ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል እንጂ አያስቅም፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ጀምሮ መድን ለማግኘት የሚሻ ሰው በዲሴምበር ውስጥ መመዝገብ ነበረበት። ሕመሙን ይዞ ያንን ቀን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው፥ ሥራው እንደማይሆን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው አልነበረምን? የሚል ነው። ነበረ እንጂ! በ2013 ጸደይ አንድ የአማካሪዎች ድርጅት አሠራሩን መርምሮ ዕቅዱ በየጊዜው እንደሚለዋወጥና ቁርጥ ያለ ውሳኔ የሚሰጥ አንድ ባለሥልጣን እንደሌለ አስጠንቅቆ ነበር። በጁላይ ደግሞ ሥራውን ከሚመሩት ባለሙያዎች አንዱ አውሮፕላኑ ገና ሲነሣ እንዳይከሰከስ መስጋቱን ለባልደረቦቹ ጽፏል። ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው በተደረገው ሙከራም ሲስተሙ የጥቂት መቶ ሰዎችን ሸክም እንኳ ሊችል አልቻለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ኦባማ በኖቬምበር 14 ቀን ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፥ ሲስተሙ እንደታሰበው እንደማይሠራ በቀጥታ የነገራቸው ሰው እንዳልነበረ ገለጡ።

ይህን ስሰማ እኔን ብዙም አልገረመኝም። በአገራችን መርዶ የሚነገረው በማለዳ፥ በሽማግሌ፥ ተጠንቅቆ ነው፤ በመሥሪያ ቤት ግን ሽማግሌ የለም፤ መርዶ ነጋሪ መሆን የሚወድ ሰውም አይገኝም። ስለዚህ ወሬው ደረጃውን በወጣ ቁጥር እየለዘበ ይሄዳል። ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ «አይሠራም» ይላል፤ የክፍሉ ሹም ይህንኑ ሰምቶ «ጥቂት ችግር አለ» ብሎ ይጽፋል፤ ዲሬክተሩ «በመስተካከል ላይ ነው» ይላል፤ ከሚኒስትሩ ጠረጴዛ ሲደርስ «ተዘጋጅቷል» የሚል ሆኖ ይገኛል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ዋሸ ለማለት አይቻልም፤ እያንዳንዱ ከሰማው ላይ ጥቂት ማር አከለበት እንጂ።

አሁን ወደ አዳኞቹ ልምጣ። በኦክቶበር አጋማሽ ላይ ጥቂት ባለሙያዎች ተጠሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ከጉግል ኩባንያ የመጣው ማይኪ ዲከርሰን ነበር። እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ያስተዋሉት ነገር የሚደንቅ ነው። ሲስተሙ በዚያች ደቂቃ ይሥራ ወይም ይቁም የሚያሳይ አንድ ሰሌዳ በግቢው ውስጥ አልነበረም፤ ሠራተኞቹ መቆሙን የሚሰሙት ከቴሌቪዥን ዜና ነበር! ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሁሉም የሚያየው የመለኪያ ሰሌዳ አቆሙ። ቀጥሎም ብዙ ሰው የሚጠይቀውን መረጃ በቅርብ አስቀመጡ። መዝገብ ቤት የሠራችሁ ይህን በቶሎ ትረዱታላችሁ፤ ብልህ መዝገብ ያዥ በቀን ሃምሳ ጊዜ የሚጠየቀውን ፋይል ሃምሳ ጊዜ ከመደርደሪያው አያወርደውም፤ ከጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል። ሄልዝኬር ዶት ጎቭ ግን ለእያንዳንዱ ጠያቂ እንደገና እስከ መደርደሪያው ይመላለስ ነበር።

ከዚህ የበለጠው ሥራ የተሠራው በስብሰባው ክፍል ነው። ዲከርሰን በየቀኑ፥ ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር፥ ጧት በ4 ሰዓትና ማታ በ12 ሰዓት ተኩል አጭር የቁም ስብሰባ ያደርግ ነበር። (ወንበርና ሻይ ያለበት ስብሰባ እንዴት እንደሚረዝም እናንተም አታጡትም።) በግድግዳውም ላይ ሦስት ደንብ ለጠፈ። አንደኛው፥ ክፍሉ ችግር የሚፈታበት እንጂ ጥፋተኛ የሚፈለግበት አይደለም የሚል ነበር። ሦስተኛው፥ በመጪዎቹ አንድና ሁለት ቀኖች ውስጥ በሚጎዳን ነገር ላይ ብቻ እንነጋገር የሚል ነበር። እኔ የምወደው ግን ሁለተኛውን ነው፤ ይኸውም መናገር ያለበት ስለ ጉዳዩ አብልጦ የሚያውቀው ሰው ነው እንጂ በማዕረግ የሚበልጠው አይደለም የሚል ነው።

ይህች ደንብ ቀላል ትመስላለች፤ ነገር ግን በየቢሯችን አንድ ቀን ብትሠራባት ስንት ሰው ዝም እንደሚል አስቡት። የክፍሉ ሹም ስለማያውቀው ነገር ሃያ ደቂቃ ሲናገር፥ የሚያውቀው ወጣት ከበሩ አጠገብ ቆሞ ደብተሩን ሲያገላብጥ ስንት ጊዜ አይተናል! ወጣቱ የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንጀራው ነው። ስለዚህ ደንቡን ከግድግዳው ላይ መለጠፍ ያለበት አለቃው ራሱ ነው፤ ከለጠፈም በኋላ በመጀመሪያው ክፉ ወሬ ፊቱን ማጥቆር የለበትም። አንድ ጊዜ ፊቱን ካጠቆረ ሁለተኛ ክፉ ወሬ አይሰማም፤ ደግ ወሬ ብቻ እየሰማ ይኖራል፤ እስከ መክፈቻው ቀን ድረስ ማለት ነው።

«ይህን ሁሉ ከማድረግ ለምን ብዙ ሰው አይጨመርም?» የሚል አይጠፋም። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ፤ ለሎሚ እውነት ነው። ሶፍትዌር ግን ሎሚ አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. በ1964 ሲስተም 360 የተባለውን ኮምፒዩተር ሲያወጣ የማሠሪያውን ፕሮግራም ሥራ የመራው ፍሬድሪክ ብሩክስ፥ በሥራው ከአንድ ሺህ በላይ ሰው የነበረበት ጊዜ ቢኖርም መዘግየቱን ሊያስቀር አልቻለም። በ1975 ባሳተመው መጽሐፍም፥ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው አስረዳ። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ አምስት ሰዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድ 10 ነው፤ ሃምሳ ሰዎች ሲሆኑ 1,225 ይሆናል። 55 ኮንትራክተሮች ደግሞ ድርጅትና ድርጅት ብቻ ቢነጋገሩ 1,485 መንገድ ያስፈልጋቸዋል። አዲስ የመጣውን የሚያስተምረውም ያው ሥራው የዘገየበት ሰው ነው። እንደ እኔ አስተያየት የሄልዝኬር ዶት ጎቭ አዳኞች ትልቁ ብልሃት ጥቂት መሆናቸው ነበር።

ውጤቱንም ላስታውቃችሁ። በኦክቶበር መጨረሻ አንድ ገጽ እስኪከፈት በአማካይ 8 ሴኮንድ ይፈጅ የነበረው በኖቬምበር መጨረሻ ከ1 ሴኮንድ በታች ሆነ። በኖቬምበር መጀመሪያ ሲስተሙ የሚሠራው ከጊዜው 43 በመቶ ያህል ነበር፤ በዲሴምበር 1 ግን 95 በመቶ ደረሰ። ምዝገባው በ2014 ሲዘጋ፥ የራሳቸውን ገበያ ያቋቋሙት ስቴቶች ተጨምረው፥ 8 ሚሊዮን ያህል ሰው መድኑን መርጦ ነበር።

የራሳችሁን ኩባንያ ለማቋቋም የምታስቡም ይህን ከወዲሁ ልብ በሉ። አራት ጓደኞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲሠሩ አለቃው ሳይጠይቅ ሁሉን ይሰማል። ሠራተኛው ሠላሳ ሆኖ አለቃው የራሱን ክፍል በዘጋ ቀን ግን ጆሮው አብሮ ይዘጋል።

«እኛ ገና ትናንት የተቀጠርን ነን፤ የአለቆች ምክር ለእኛ ምን ይበጀናል?» ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ግን ከማንም ይልቅ እናንተን ይመለከታል፤ ፕሮግራሙን የሚጽፈውና መዝገቡን የሚያስገባው ወጣቱ ስለ ሆነ፥ ሥራው እንደማይደርስ መጀመሪያ የሚያውቀውም እርሱ ነው። እንግዲህ ያወቀ ሰው በጉባኤ መካከል ተነሥቶ አለቃውን አያሳፍር፤ ከስብሰባው በፊት ለብቻቸው ያነጋግራቸው። «ችግር አለ» ብቻ አይበል፤ ቁጥር ይናገር። «500 ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ ይቆማል፤ በመክፈቻው ቀን የምንጠብቀው ግን 20,000 ሰው ነው» ቢል የሚያለዝበው ሰው አይገኝም፤ ቁጥር ማር አይቀባም። ቀጥሎ መንገዱን ያመልክት፤ ቀኑ ይራዘም፥ ወይም በአንድ ከተማ ብቻ ይጀመር። በመጨረሻም የተናገረውን በማስታወሻ ጽፎ፥ ቀን አድርጎ፥ አንዱን ቅጅ ለራሱ ያስቀር። ማስታወሻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ሁለተኛውን ገጽ የሚያነብ ዲሬክተር እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም።