የአካባቢ ጥበቃ ከዘመቻ ወጥቶ ደመወዝ ያለው ሙያ ይሁን!

በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ኢትዮጵያን በችግኝ ተከላ የሚስተካከላት አገር ጥቂት ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸውን መንግሥት አስታውቋል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የአንድ ቀኑ ዕቅድ ወደ 700 ሚሊዮን አድጓል። ሕዝቡ ያለ ክፍያ ዝናብና ጭቃ ሳይበግረው ወጥቶ መትከሉ ሊመሰገን ይገባል። ሐምሌ ካለፈ በኋላ ያለውን ሥራ ግን በጎ ፈቃድ ብቻውን አይሸከመውም። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያቆም ችግኙን የሚያጠጣው፣ ከፍየልና ከበግ የሚከልለው፣ ስንቱ እንደጸደቀ ቆጥሮ የሚመዘግበው ማን ነው? ለዚህ ሥራስ ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው? የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው፤ አካባቢን መጠበቅ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ፣ መደብ፣ ዕድገትና ደመወዝ ያለው ሙያ መሆን አለበት።

ችግኝ ጣቢያ ገብቶ ያየ ሰው ሥራው ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ያውቃል። አፈር፣ አሸዋና ብስባሽ ተነፍቶ በልኩ ይደባለቃል፣ በጥቁር ላስቲክ ይሞላል፣ ዘር ይዘራል፣ የሣር ጥላ ይሠራለታል፣ ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣል። ሥሩ ላስቲኩን አልፎ መሬት እንዳይዝ ችግኙ በየጊዜው እየተነሣ ሥሩ ይቆረጣል። ክረምቱ ሲቃረብ ጥላው ቀስ በቀስ ይቀነስለትና ፀሐዩን ይለምዳል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ሲሆኑ፣ የሚከፈላቸውም በቀን ሒሳብ ነው። ችግኙ ተጭኖ ሲሄድ የእነርሱም ሥራ ያበቃል፤ በእጃቸው ያለው ሙያ ለሚቀጥለው ዓመት መቆየቱን የሚከታተል የለም። ተከላው ላይ ደግሞ ላስቲኩ ሳይቀደድለት የሚቀበር ችግኝ ያጋጥማል። ሥሩ እዚያው ተጠቅልሎ ይቀርና ዓመትም ሁለት ዓመትም ቆይቶ ይደርቃል። አንድ የሠለጠነ ባለሙያ በየጉድጓዱ እየዞረ ቢያሳይ የሚድን ጥፋት ነው።

እንክብካቤ ምን እንደሚያስገኝ ለማየት ወላይታ ሁምቦን መመልከት ይበቃል። እዚያ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ከግጦሽና ከምሣር ተከልሎ፣ በመሬት ውስጥ ከቀረው ጉቶ ያቆጠቆጠው እየተመረጠና እየተገረዘ እንዲያድግ ተደረገ። ደኑ የተመለሰው በአብዛኛው በጥበቃና በግርዛት ነው፤ አዲስ የተተከለው ጥቂት ነበር። በሰባት ማኅበራት የተደራጁት ገበሬዎች በደኑ ውስጥ የተከማቸውን ካርበን ለዓለም ባንክ ፈንድ ሸጠዋል። ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የንፁህ ልማት አሠራር በ2002 ዓ.ም. ሲመዘገብም በዓይነቱ ከአፍሪካ ቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። ከዚህ ውስጥ ስንት የሥራ ዓይነት እንዳለ ይታይ! ጥበቃው አለ፣ ግርዛቱ አለ፣ የዛፍ ወገብ እየለኩ ካርበን ማስላቱ አለ፣ ውል መደራደሩና የማኅበሩን ሒሳብ መያዙም አለ። ይሁንና ልኬቱን መርምሮ የሚያረጋግጠው ዕውቅና ያለው ድርጅት በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል፤ ክፍያውንም ይዞ ይሄዳል። ባለሙያ እዚህም ይሠለጥናል፤ የወንዶ ገነት ኮሌጅ ደን ማስተማር ከጀመረ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። በየዩኒቨርሲቲያችንም የአካባቢ ሳይንስና የተፈጥሮ ሀብት ክፍለ ትምህርት ሞልቷል። ዲግሪውን ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚቆመው ወጣት ግን በየወረቀቱ የሚያነበው የሥራ ልምድ አምጣ የሚል ነው።

ገበያው ራሱ እየጠየቀን ያለ ሥራም አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ሕግ፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ አገሮች እንዳይገባ ይከለክላል። ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ከአንዴም ሁለቴ ቢራዘምም፣ ሕጉ አልቀረም። እያንዳንዱ ቡና የበቀለበት ማሳ በጂፒኤስ ነጥብ፣ ከአራት ሄክታር የሚበልጠው ደግሞ ዙሪያው ተለክቶ መታወቅ አለበት። ቡናችን በአብዛኛው የሚመጣው ከሚሊዮኖች አነስተኛ ገበሬዎች ነው። ስለዚህ በጅማም፣ በሲዳማም፣ በጌዴኦም ስልክ ይዞ ከማሳ ማሳ የሚሄድ፣ መረጃውን ከሳተላይት ምስል ጋር የሚያመሳክር ሰው በብዛት ያስፈልጋል። ገበሬው «መሬቴን የምትለኩት ግብር ልትጥሉብኝ ነው?» ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። አምኖ በሩን የሚከፍተው ቋንቋውን ለሚናገር፣ ነገም ተመልሶ ለሚያገኘው የአካባቢው ልጅ ነው። ይህን ሥራ በፕሮጀክት ገንዘብ ለጥቂት ወራት አሠርቶ መበተን ቡናችንን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ማሳው በየዓመቱ ይለወጣል፤ መረጃውም አብሮ መታደስ አለበት።

ይበልጥ የሚያሳስበን ግን የቁጥጥሩ ነገር ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጡ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሕጉ አለ፤ የሚያስፈጽመው ባለሙያ ግን እግሩ የቆመበት መሬት አልጸናለትም። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ባለሥልጣን ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. ሚኒስቴር ሆነ፤ በ2011 ዓ.ም. ኮሚሽን ተባለ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የደኑ ዘርፍ ተለይቶ ወጥቶለት እንደገና ባለሥልጣን ሆነ። ስምና መዋቅር በተቀየረ ቁጥር ሠራተኛ ይደለደላል፣ ልምድ ያለውም የተሻለ ወደሚከፍል ድርጅት ይሄዳል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩ ዓመታት የግምገማው ሥልጣን በውክልና ለየዘርፍ መሥሪያ ቤቱ ተሰጥቶ፣ ፕሮጀክቱን የሚያበረታታውና የሚመረምረው አንድ አካል የሆነበት ጊዜም ነበር።

አሁንም ያልተፈታ ችግር አለ። የግምገማ ሰነዱን የሚያዘጋጀው አማካሪ የሚቀጠረውና የሚከፈለው በባለሀብቱ ነው። «ይህ ፋብሪካ ወንዙን ይበክላል» ብሎ በድፍረት የጻፈ ባለሙያ የሚቀጥለውን ሥራ ከማን ያገኛል? የእኛ ሐሳብ፣ ባለሀብቱ ክፍያውን ለተቆጣጣሪው አካል ፈሰስ ያድርግ፣ አማካሪውም ፈቃድ ካላቸው ባለሙያዎች መካከል በተራ ይመደብ የሚል ነው። ወጪው ያው ነው፤ የባለሙያው ነፃነት ግን ይጠበቃል። ተቆጣጣሪውም ቢሆን ናሙና መያዣ፣ በረዶ ሳጥን፣ ተሽከርካሪና ውጤቱን ቶሎ የሚሰጥ ላቦራቶሪ ያስፈልገዋል። ሌሊት የሚለቀቅ ፍሳሽ በቢሮ ሰዓት በሚደረግ ጉብኝት አይያዝም። በአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት የሚያለማውም፣ ያንን አትክልት የሚገዛውም የከተማው ነዋሪ የብክለቱን ዋጋ በጤናው እየከፈለ ነው።

ከሁሉም በታች ተደርገው የሚታዩ ሌሎች ሠራተኞችም አሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ረድተዋል። እነርሱ እስኪደርሱ በዚያ ገደል ላይ እሳቱን በቅጠልና በአካፋ የታገሉት የፓርኩ ጠባቂ ስካውቶችና የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ፓርክ የሚጠብቅ ሰው የእሳት መከላከያ ልብስ፣ የሕይወት መድንና ቤተሰብ የሚያስተዳድር ደመወዝ ሊኖረው ይገባል። በአዲስ አበባም ቆሻሻ ከየበሩ የሚሰበስቡት ማኅበራት፣ ሃይላንድ የሚለቅመው ልጅ፣ «ቆራሌው» እያለ መንደር የሚዞረው ነጋዴ፣ ከተማዋን ከቆሻሻ የሚታደጓት እነርሱ ናቸው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ የተባለው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ሲቀብር፣ ብዙዎቹ ከዚያው ክምር ጥግ ቤት ሠርተው የሚኖሩ፣ እንጀራቸውም እዚያው የነበረ ሰዎች ነበሩ። ፌስታልን የሚከለክለው ሕግ በ2017 ዓ.ም. ሲጸድቅ የወረቀትና የጨርቅ ከረጢት ሥራ ይከፈታል ተብሏል። ይህ ዕድል መጀመሪያ ሊደርስ የሚገባው ለእነዚህ ቆሻሻ ሰብሳቢዎችና ለቃሚዎች ነው፤ ብድሩም፣ የመሥሪያ ቦታውም ለእነርሱ ይቅደም።

የኤሌክትሪክ መኪናውም ሌላ በር ከፍቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ባትሪ የሚፈትሽ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሳይፈራና ሳይሳሳት የሚነካ መካኒክ በየጋራዡ ይፈለጋል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይህን ሥልጠና ነገ ሳይሆን ዛሬ መጀመር አለባቸው። ያረጀው ባትሪ የት እንደሚሄድም ከወዲሁ ይታሰብበት።

አዲስ አበባ በ2027 እ.ኤ.አ. 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባዔ ታስተናግዳለች። እንግዶቹ ስንት ቢሊዮን ችግኝ እንደተተከለ ይሰማሉ፤ ስንቱ እንደጸደቀ፣ ማን እንደቆጠረውም ይጠይቃሉ። መልሱን መስጠት የሚችለው በየወረዳው የተቀመጠ፣ ስሙና መደቡ የሚታወቅ ባለሙያ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመጪው በጀት ዓመት ጀምሮ በየደረጃው የሚቀርብ የችግኝ ተከላ ዕቅድ፣ ተከላውን ተከትለው ለሚመጡት ሦስት ዓመታት የሚያስፈልጉትን ተንከባካቢዎች፣ ጠባቂዎችና ቆጣሪዎች ብዛትና ደመወዛቸው የሚከፈልበትን የበጀት ምንጭ በዚያው ሰነድ ላይ ያስፍር። የጽድቀት ቆጠራውም ከተከለው መሥሪያ ቤት ውጪ ባለ አካል ይካሄድ፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይገለጽ። እነዚህን ያላካተተ የተከላ ዕቅድ በየትኛውም ምክር ቤት ሊጸድቅ አይገባም።